ሰው የሌለበት ቦታ

የምንኖረው አየር ጤና ነው። ለሰፈሩ ይህን ስም ያወጣለት ሰው ወይ ቀልደኛ ነበር፣ ወይ ጋራዦቹ ከመምጣታቸው በፊት ኖሮ አልፏል። ጠዋት በር ስከፍት የሚቀበለኝ የናፍጣ ጭስ ነው፤ ማታ ከፊቴ ላይ የማጥበውም እሱኑ ነው። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሞቶሪኖ እፈታለሁ፣ የዲናሞ ካርቦን እቀይራለሁ፣ የተቃጠለ ፊውዝ አውጥቼ በቦታው ሌላ እተካለሁ። ሥራዬ ባጭሩ መተካት ነው። ሰዎች «እግዜር ይተካላችሁ» ሲሉን ታዲያ በመጀመሪያ የመጣብኝ ጋራዡ ነበር።

እንዲህ የሚባለው ልጅ ለሞተበት ሰው ነው። ሴት ልጅ ተወልዳልን ነበር። ቀኗ ሳይደርስ ስለመጣች ወዲያው ሙቀት ክፍል አስገቧት፤ ሳምንት ሳይሞላት እዚያው አረፈች። እናቶች በየሰዓታቸው እየተጠሩ ይገባሉ፤ አባት ግን በመስታወት ነው የሚያየው። አንድ ቀን ነርሷ በጣቷ አሳየችኝ። ብዙ ሕፃናት ስለነበሩ ያየሁት የኔን ይሁን የሌላ ሰው ልጅ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ያሰብኩት ስለ ማሽኖቹ ነበር፤ መብራት ቢሄድ ጄኔሬተሩ ቶሎ ይነሳ ይሆን እያልኩ።

ትልቅ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሰፈራችን ያውቃል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ይወጣል፣ ወንዶቹ ካርታ ይዘረጋሉ፣ ሴቶቹ በየተራ ወጥ ይሠራሉ። ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ ሐዘንተኛው ለማዘን እንኳ ጊዜ ያጣል። ለአራስ ልጅ ይህ ሁሉ የለም። ሦስት ወንዶች ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ አጎቴና የሚስቴ ወንድም። በነጠላ ተጠቅልላ ነበር፣ እኔ ነኝ የተሸከምኳት። የመኪና ባትሪ ከዚህ በጣም ይከብዳል ብዬ አሰብኩ። ተቆፈረ፣ አስገባናት፣ አፈር መለስን፣ እጃችንን ታጠብን። አጎቴ አለማልቀሴን አይቶ «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔ ግን ጠንክሬ አልነበረም። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስለዋል፤ እንደዚያ ነበርኩ። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። የአንድ ላንድክሩዘር መብራት ሠራሁ፣ ምሳ በላሁ፣ ጥብስ ነበር።

ልጅቷ ስም አልነበራትም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ለሚለኝ ሰው መልሱ ሁለት ቤተ ክርስቲያን ስላለን ነው። እኔ ከጎጃም የመጡ ኦርቶዶክሶች ልጅ ነኝ፤ እናቴ የምትኖረው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ነው። ሚስቴ ጴንጤ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በኳየር ትዘምራለች። ስንጋባ ሁለቱም ወገኖች አኮረፉ። ከዚያ ልጅ ያስታርቀናል ብለው ጠበቁ፤ ልጅ ሊመጣ ሲል ደግሞ በስሟ ተጣሉ። እናቴ «የክርስትና ስሟን በሰማንያ ቀኗ ቄሱ ያወጣላታል፤ የዓለም ስሟን ግን ፊቷን አይቼ የማወጣላት እኔ ነኝ» አለች። በነሚስቴ በኩል ልጅ ስሙ የሚጠራው በጉባኤ ፊት ለጌታ ሲቀርብ ነው፤ ፓስተሩ አቅፎ ይጸልይለታል። እዚያም ተመርጦ የተቀመጠ ስም ነበር። እኛ ማንንም ላለማስቀየም «ትወለድና እናያለን» አልን። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። እኛ ልንወጣ ሞከርን። ልጅቷ በሰማንያ ቀኑና በጉባኤው መሃል፣ እጇ ላይ የእናቷ ስምና «ሴት» የሚል ቃል የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎባት ሄደች።

ስም የሌለው ሰው ለወሬ አይመችም። «ያ ነገር» እንላለን፣ «ያኔ» እንላለን። እናቴ አንድ ጊዜ «ያቺ» ብላ ጀምራ የምትጨርስበት ቃል አጣችና ስለ ጤፍ ማውራት ጀመረች።

ሚስቴ ዝም አለች ማለት ልክ አይሆንም። ሽንኩርት አልቋል ትላለች፣ ውሃ መጥቷል ባኞውን ሙላው ትላለች፣ ጎረቤት ሰላም ሲላት ትመልሳለች። ስለ ልጅቷ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። መዝሙሩንም ተወች። ድሮ ዕቃ ስታጥብ የምታዜመው ግቢውን ሁሉ ስለሚሞላው «ጎረቤቱን ሁሉ ዛሬውኑ ልታድኚው ነው?» እያልኩ አበሽቃት ነበር። አሁን ዕቃ የምታጥበው የቧንቧውን ድምፅ ብቻ እያሰማች ነው። እንደዚያ ስሰማት ማዘን እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ማወቁ ብቻ ነው የነበረኝ።

ምን ላድርግ ብዬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር መከረኝ። እናቴ «አታንሳባት፤ ቁስል ሲነካካ ያመረቅዛል» አለችኝ። የኳየር ጓደኞቿ መጥተው ጸለዩላት፣ ሲወጡ ደግሞ በር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብቻ እንዳታስታውሳት» አሉኝ። የረሳች ይመስል። እኔም አላነሳሁም። ራሷ እስክትናገር እጠብቃለሁ አልኩ፣ ጠበቅኩም። ክረምቱ በዚህ ሁኔታ ወጣ። እሷ በአልጋው በወዲያ በኩል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፣ እኔ ወደ ጣሪያው አይቼ እተኛለሁ። ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። ክፉ ቃል ቢኖር ይሻል ነበር፣ መኪና እንኳ ሊበላሽ ሲል ድምፅ ያሰማል።

አስኮ የምትኖር ታላቅ እህት አለቻት። እሷ ደውላ «ለጊዜው እኔ ጋ ትምጣ» አለች። ለጊዜው የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። መኪናውን ለጊዜው ብሎ ጋራዣችን አቁሞ የሄደ ሰው አለ፤ ከሥሩ ሣር በቅሎበታል። ሻንጣዋ ከቁም ሳጥኑ ላይ ወርዶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ስለ ልጃችን አንድም ነገር ሳንነጋገር ከሄደች ተመልሳ እንደማትመጣ ገባኝ። እንዳትሄድ መለመን ነበረብኝ። ለመለመን ግን ሰው መጀመሪያ ሊያመው ይገባል፤ እኔን አላመመኝም። እሱ ነበር የሚያስፈራኝ።

ሐሙስ ምሳ ላይ እጇን ከትሪው መለሰችና «እሁድ ሰው የሌለበት ቦታ ውሰደኝ» አለችኝ።

«የት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው የሌለበት። ሰኞ አስኮ እሄዳለሁ።»

እስቲ በኛ ክፍለ ከተማ ሰው የሌለበት ቦታ ፈልጉ። ከአየር ጤና እስከ አሥራ ስምንት ድረስ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቆምበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ካልሲ የሚሸጥ ልጅ ቆሟል። መቃብሩ እንኳ ሁልጊዜ ለቀስተኛ አለው። አርብ ጠዋት ጋራዥ ስገባ ሳላስበው «እሁድ ጫካ ልገባ ነው» አልኳቸው። ሁሉም ሥራ አቁመው አዩኝ። በዚህ ዘመን ጫካ ገባ የተባለ ሰው ምን ይዞ እንደሚገባ ይታወቃልና አንዱ ቀረብ ብሎ «ምነው፣ ማን በደለህ?» አለኝ። ሚስቴን ይዤ ነው ስላቸው ይበልጥ ግራ ተጋቡ፤ በኋላ ሳቁ። እኔም እንደ ሰው ሳቅኩ።

ፍሬን የሚሠራው ባልደረባችን ግን ከልቡ አሰበበት። ወጨጫ ተራራ ላይ ጥብቅ ደን አለ አለኝ። በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ ዘር ከሩቅ አስመጥቶ አስዘርቶታል ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ሲጠበቅ የኖረ ጥድና ዝግባ ነው። ተራራውን ከሰፈራችን ሆኜ ዕድሜ ልኬን አይቼዋለሁ። ዝናብ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው እንጂ ላዩ ላይ አንዳች ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ያገኘሁትን ሹፌር ሁሉ ጠየቅኩ፤ ሰሞኑን ደህና ነው አሉኝ። ባልደረባዬ የራሱን አሮጌ ፒክአፕ ሰጠኝ። «ፍሬኑን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አትስጋ» አለኝ። «መብራቱን የሠራኸው ግን አንተ ነህ፣ እሱን ተጠንቀቅ።»

እሁድ እሷም ወደ ጉባኤዋ፣ እኔም ወደ ቅዳሴ ሳንሄድ ተነሳን። እኔ እንኳ ድሮም የምሄደው እናቴ ስትቆጣ ነው። በዓለም ገና አድርገን፣ ሰበታን አልፈን፣ ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ያዝን። እሷ በመስኮቱ ትመለከታለች። ሻንጣዋ ቤት ነው ያለው፣ እኔ ግን ከኋላ የተጫነ ያህል በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። «ብርድ ካለ መስኮቱን ዝጊው» አልኳት። «ደህና ነኝ» አለች። እስክንደርስ የተነጋገርነው ይህንን ነው።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ቲኬት ቆረጡልን። ቦቲ ጫማ አድርገዋል፣ አረንጓዴ ካፖርታቸው አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቶታል፣ አንገታቸው ላይ በገመድ የታሰረ የእጅ ባትሪ ተንጠልጥሏል። ደንቡን በአንድ ትንፋሽ ነገሩን፦ እሳት ማንደድ የለም፣ መጮህ የለም፣ ላስቲክ መጣል የለም፣ የደረቀ ጭራሮ እንኳ ከዚህ ይዞ መውጣት የለም። ከዚያ በሩን ለሌላ ሰው ትተው ተከተሉን።

«አባባ፣ እኛ ራሳችን እንሄዳለን፣ እርስዎ አይልፉ» አልኳቸው።

«ብቻችሁን አትገቡም» አሉኝ። «ትጠፉና እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

ሰው የሌለበት ቦታ ብላ የጠየቀችኝ ሴት ፊት አፈርኩ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ያመጣኋት ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው ወደሚያጅበን ቦታ ነው። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ ግን እየሄደች ነበር።

ጫካ ሲባል እኔ የማውቀው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቀጥ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ፣ በመሃሉ ሰማይ የሚታይ። ይሄ ሌላ ነው። ረፋድ ላይ ነው የገባነው፣ ጥቂት እንደሄድን ግን ፀሐይዋ ቀረች። ከላይ ቅጠሉ ተጋጥሟል፣ ከታች መሬቱ እርጥብና ለስላሳ ሆኖ እርምጃችን አይሰማም። ከቅርንጫፎቹ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ሽታው ትምህርት ቤት እያለን እርሳስ ስንቀርጽ የነበረው ሽታ ነው፤ ሽማግሌውን ብጠይቃቸው የጥድ ነው አሉኝ። አንድ ዝግባ ጋ ቆመን። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ አያቅፈውም። «ቢርቢርሳ ነው፣ በኛ ቋንቋ» አሉ ሽማግሌው። ንጉሡ ያስዘራው ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ አልኳቸው።

«ይባላል» አሉ። «እኔ አልነበርኩም።»

ሚስቴ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ወዲያው ጠፋ። ቆንጆ ቦታ መሆኑን አይቻለሁ። ዓይኔ ውብ ነው ይለኛል፣ ውስጤ ደግሞ እሺ ይላል፣ ከዚያ በኋላ የሚከተል ነገር የለም። ጉሬዛዎች ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲዘሉ ረጅም ነጭ ፀጉራቸው ይንሳፈፋል፤ እሱንም ቆሜ አየሁ። ለአንድ ሰው ብነግረው ደስ እንደሚለው አሰብኩ፣ ለማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ትንሽ ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ጥድ ወድቋል። ሥሩ ተገንጥሎ ከነአፈሩ ቆሟል፣ የቤት ግድግዳ ያህላል። ግንዱ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል፤ መንገዱ ራሱ ነው ዞሮት የሚያልፈው። እንጨት ሲሰነጠቅ እያየሁ ያደግኩ የኮልፌ ሰው ነኝና መጀመሪያ ያሰብኩት ስንት በር እንደሚወጣው ነበር።

«ይሄን የመሰለ እንጨት እንዴት ዝም ብሎ ይበሰብሳል?» አልኩ። «ለምን አይነሳም?»

«ጥብቅ ነዋ» አሉ ሽማግሌው። «የቆመው አይነካም፣ የወደቀው አይነሳም።»

«በቃ፣ እንደዚሁ ይተኛል?» አለች ሚስቴ። ከገባን ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ይተኛል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ ነዋ። የኔ አባት ጠባቂ ሳሉ የወደቀ አለ ከላይ፤ አሁንም አለ።»

በሱ ቦታስ ችግኝ ይተከላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ወሬ ለመቀጠል ያህል ነው። ሽማግሌው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። እዚህ ውስጥ አይተከልም፣ ችግኝ የሚተከለው ዳር ዳሩን ነው፣ ውስጡ ራሱን ያውቃል አሉኝ። ሚስቴ እጇን ግንዱ ላይ አሳረፈች። ላዩ በሙሉ አረንጓዴ ሽበት ለብሷል፣ ከሽበቱ መሃል ጣት የማይሞሉ ቅጠላ ቅጠሎች ብቅ ብቅ ብለዋል። ግንዱ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ልብሷ እንደሚረጥብ ላስታውሳት ነበር፤ ተውኩት።

እዚያ አረፍን። ሽማግሌው ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ወዲያው የእጅ ባትሪውን ከአንገታቸው አወለቁ። «ይሄ ነገር እምቢ ብሎኛል፣ እስቲ እየው» አሉኝ። የትም ብሄድ አይቀርልኝም። ሰርግ ላይ ተጠርቼ የሙሽሮቹን መኪና ጥሩንባ የሠራሁ ሰው ነኝ። ግንዱን ተደግፌ ቆሜ ባትሪውን ፈታሁት፣ ድንጋዮቹን አውጥቼ የዛገውን በቁልፌ ጫፍ መፋቅ ጀመርኩ። እጄ ሥራ ሲይዝ ትንሽ ይሻለኛል። ሽማግሌው እኔን ለሥራው ትተው ከሚስቴ ጋር ወግ ያዙ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከአዲስ አበባ፣ አየር ጤና አባባ።»

«ባለቤትሽ ነው?»

«አዎ።»

«ቆያችሁ ከተጋባችሁ?»

«ቆየን።»

«ልጅስ?»

እጄ ቆመ። ከተማ ውስጥ ይህ ጥያቄ ወደ እሷ እንዳይደርስ ስንት ሰው እንደሚጠብቃት አውቃለሁ። እናቴ በዓይኗ ታስቆማለች፣ የኳየር ጓደኞቿ ወሬ ያስቀይራሉ፣ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ሲያልፉ መንገድ ይለውጣሉ። እዚህ ደግሞ ቦቲ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ሰው ለሰው የሚለውን ተራ ነገር ብለው ቁጭ አሉ። ቀና ብዬ አንድ ነገር ልናገር ፈለግኩ፤ ስለ ባትሪው፣ ስለ ጉሬዛው፣ ስለ ማንኛውም ነገር። እሷ ቀደመችኝ።

«አለችን» አለች ሚስቴ። «አንድ ሴት።»

«እሰይ። ስሟ ማን ነው?»

ስሟን ነገረቻቸው።

አላመነታችም፣ ድምፅዋም አልተሰበረም። ልጅዋ ቤት ውስጥ አያቷ ጋ ያለች ማንኛዋም እናት እንደምትናገረው ተናገረችው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እናቴ የምታወጣው ዓይነት አይደለም፣ ለጉባኤው የተመረጠውም አይደለም። አጭር ነው፣ ከበር ላይ ሆኖ ልጅን ከጨዋታ ለመጥራት የሚመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማሁት።

«ያሳድግላችሁ» አሉ ሽማግሌው።

«አሜን» አለች።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ሽማግሌውን ላርማቸው፣ አባባ ይቅርታ፣ ልጅቷ የለችም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ወደኔ ዞረው ነበር። ምርቃት ነውና የአባትየውንም አሜን እየጠበቁ ነው። ሚስቴም ታየኝ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት ያየችኝ ያኔ ነው፣ ዓይኗ ውስጥ የነበረው ልመና ይሁን ማስጠንቀቂያ አላወቅኩም።

«አሜን» አልኩ።

ባትሪውን ገጥሜ መለስኩላቸው። ድንጋዩ አልቋል፣ ሌላ ያስፈልገዋል እንጂ ዕቃው ደህና ነው አልኳቸው። ቅር አላቸው። ከታች ከበሩ አካባቢ የጎረምሶች ጩኸትና የሙዚቃ ድምፅ ተሰማ፤ ሽማግሌው ተነስተው፣ እዚህ ጠብቁኝ፣ እንዳትንቀሳቀሱ ብለውን በንዴት ወረዱ። ሁለታችን ቀረን። ጩኸቱ ወዲያው ተቋረጠ።

እሷ ግንዱ ላይ ናት፣ እኔ ከታች ቆሜያለሁ።

«መቼ ነው ያወጣሽላት?» አልኳት።

«ሙቀት ክፍል። ጠርተውኝ በገባሁ ቁጥር እጠራት ነበር» አለች። «ድምፄን ስትሰማ ጭንቅላቷን ዞር ታደርጋለች። ታውቀው ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ።»

«እንዳልጠይቅሽ መከሩኝ እኮ። ራስሽ እስክትናገሪ ነበር የምጠብቀው።»

«እኔ ደግሞ አንድ ሰው እስኪጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው» አለች። «ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ጸለየልኝ። ልጅሽ ማን ነበረች ያለኝ የለም። አንተም። እንዳልወለድኳት ነው የሆነው። አስኮ ብሄድ እዚያ ከእህቴ ሌላ ማንም ስለማያውቃት ዝም ቢሉኝ አይገርመኝም ብዬ ነው።»

ባዶ እግሩን እሳት የረገጠ ሰው መጀመሪያ ምንም አይሰማውም፣ ትንሽ ቆይቶ ነው። ሕመሙ ቀስ ብሎ እየመጣብኝ ነበር፤ ከየት እንደሚጀምር ግን አላወቅኩም።

ሰኞ ለእህቷ ደውላ «ይቆይ እስቲ» ስትላት ሰምቻለሁ። ሻንጣው ግን ገና ብዙ ቀን አልጋው አጠገብ ቆይቷል። እናቴ ስሙን ስነግራት ማነው ያወጣላት ብላ ተቆጣች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ቆየች፣ ስትወጣ ስሙን ጠርታ «ነፍስ ይማር» አለች። ይህ ሁሉ በኋላ ነው። እሁድ ግን ገና ግንዱ ጋ ነበርን።

ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። እርጥበቱ ወዲያው ገባ። መጠየቅ አላውቅበትም፤ መኪና ነው የማውቀው፣ መኪና ደግሞ ሲመረመር እንጂ ሲጠየቅ አይመልስም። እንደመጣልኝ ጠየቅኳት። ፀጉር ነበራት ወይ አልኳት። ብዙ፣ ጥቁር፣ ግንባሯ ድረስ አለችኝ። ታለቅስ ነበር ወይ አልኳት። እንደ ድመት ድምፅ፣ አለችና ድምፁን አሰማችኝ። ስታሰማኝ የዘማሪ ጉሮሮዋ ተመልሶ መጣ፤ ጫካው ውስጥ ቀጭን ሆኖ ተሰማ። እጇስ? እጇ ጣቴን ይይዝ ነበር፣ አለች፤ ትንሿን ጣቷን አውጥታ አሳየችኝ። እሷ እያለቀሰች ነበር፣ እንባዋ ሳይቋረጥ ነው የምትመልስልኝ። እያለቀሰች ግን በደስታ ነበር የምታወራው፣ እንደዚያ ይቻላል ወይ ቢሉኝ አዎ እላለሁ፣ አይቻለሁ።

«ዓይኗንስ ገልጣ ነበር?» አልኳት።

«አንዱን» አለች። «አንዱን ብቻ። ሌላኛውን ለመግለጥ ሰነፈች። በአባቷ ነው የወጣችው።»

አባቷ ብሎ የጠራኝ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። እዚያው ግንዱ ላይ አለቀስኩ።